እንጨትን አንኳኩቶ ድምፅን ያገኘ ሰው
የሎይድ ሎር አጭር የሕይወት ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ እንዲያቀርብ በታዘዘ ጊዜ፣ ጓደኞቻችን የነገሥታትን፣ የሐኪሞችንና አዲስ አገር ያገኙትን መርከበኞች ታሪክ መረጡ። እኛ ግን የመረጥነው ጦር ያልመራ፣ አገር ያላቀና፣ ነገር ግን በማንዶሊን ተጫዋቾችና ሠሪዎች ዘንድ ስሙ በታላቅ አክብሮት የሚጠራውን አሜሪካዊ ሎይድ ሎርን ነው። ለምን መረጣችሁት ብሎ ለሚጠይቀን አንባቢ መልሳችን አጭር ነው። ይህ ሰው በልቡ የሰማውን ድምፅ በእጅ ወደሚነካ ሥራ ለመለወጥ ደከመ፤ የድካሙን ፍሬ ግን ሳያይ ሞተ። ከዚህ ታሪክ ለተማሪ የሚሆን ብዙ ትምህርት ይገኛል ብለን አምነናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ ድምፅ መናገር ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ቀለምን በጣት ማሳየት ይቻላል፤ ርዝመትንም በክንድ መለካት ይቻላል። ድምፅ ግን እንደ ተሰማ ያልፋል። ስለዚህ ስሙን ከሌላ ነገር እንበደርለታለን። አንዱን ድምፅ ወፍራም፣ ሌላውን ቀጭን፣ አንዱን ለስላሳ፣ ሌላውን ሻካራ እንለዋለን። ጎርናና አለ፤ ሰላላ አለ፤ ጥርት ያለ አለ፤ ድፍን ያለም አለ። ከሁሉ የላቀውን ደግሞ በደወል መስለን ድምፀ መረዋ እንለዋለን። እነዚህ ቃሎች ለአድማጭ ይበቃሉ። ለመሣሪያ ሠሪ ግን አይበቁትም፤ መሮውን ይዞ እንጨት ፊት ለቆመ ሰው ለስላሳ ድምፅ አውጣ ቢሉት ከየት ላይ ምን ያህል ፍቆ እንደሚያነሣ ቃሉ አይነግረውም። የሎይድ ሎር የሕይወቱ ሥራ በዚህ ቃልና በዚያ መሮ መካከል ያለውን መንገድ መፈለግ ነበር።

ማንዶሊን በአገራችን እንግዳ መሣሪያ አይደለም። እነ አየለ ማሞ ስማቸውን ያስጠሩበት ነው። ስምንት የብረት አውታሮች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንድ ድምፅ ስለሚቃኙ አራት ጥንድ ይባላሉ። ቅኝታቸውም እንደ ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው። ነገር ግን ቫዮሊን በደጋን ስለሚሳብ ድምፁን ያለማቋረጥ ሊያረዝመው ይችላል፤ ማንዶሊን ግን በመምቻ ተመትቶ ወዲያው ይከስማል። ተጫዋቹ ድምፁን ለማስረዘም ሲፈልግ መምቻውን ወደ ታችና ወደ ላይ ቶሎ ቶሎ ማመላለስ አለበት። ከዚህ የተነሣ የማንዶሊን ትልቁ ችግር አጭሩን ድምፅ ሙሉ፣ ጥርት ያለና ሩቅ የሚሰማ ማድረግ ነው።

ሎይድ ሎር እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 1886 ዓ.ም. በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ክሮፕሲ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በሚገኘው በኦበርሊን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ። በወጣትነቱ ማንዶሊንንና ከማንዶሊን ወገን የሆኑትን ትልልቆቹን መሣሪያዎች እየተጫወተ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞር ነበር። ፊሸር ሺፕ በተባለች ዘፋኝ ስም በሚጠራው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ብዙ ዘመን ሠራ፤ ኋላም ይህችን ሴት አገባ። ተመልካችን ለማስደሰት የእንጨት መሰንጠቂያ መጋዝን ሳይቀር በደጋን እየሳበ ዜማ ያወጣበት ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው መሣሪያን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ አልነበረም። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ በኋለኛው ወንበር የተቀመጠው አድማጭ የማንዶሊኑን ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰማ በራሱ ልምድ የተማረ ሰው ነበር።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ማንዶሊን እጅግ የተወደደ መሣሪያ ነበር። በየከተማው የማንዶሊን ማኅበሮች ነበሩ፤ በእነርሱም ውስጥ ትናንሾቹ እንደ ቫዮሊን፣ ትልልቆቹ እንደ ቼሎ እየሆኑ በአንድነት ይጫወቱ ነበር። ቀድሞ ከኢጣልያ የመጣው ማንዶሊን ጀርባው እንደ ቅል የጎበጠ፣ ከቀጫጭን የእንጨት ቁራጮች የተገጣጠመ ነበር። በ1856 የተወለደው ኦርቪል ጊብሰን የተባለ አሜሪካዊ ግን ይህን ትቶ የመሣሪያውን ደረትና ጀርባ እንደ ቫዮሊን ከወፍራም ሳንቃ እየቀረጸ ማውጣት ጀመረ፤ በ1898ም ለዚህ አሠራሩ የፈጠራ መብት ተሰጠው። በ1902 በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በካላማዙ ከተማ በስሙ የሚጠራው ድርጅት ተቋቋመ። ሎይድ ሎርም በዚያው ድርጅት በተሠሩ መሣሪያዎች እየተጫወተ ከድርጅቱ ሰዎች ጋር ተዋወቀ፤ በ1919 ተቀጥሮ የድምፅ ነክ ሥራ መሐንዲስ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው የሰውየው ታሪክ ጠለቅ የሚለው። እናቶቻችን በገበያ ምጣድ ወይም እንስራ ሲገዙ በዓይን አይተው ብቻ አይበቃቸውም። አንሥተው በጣታቸው መታ መታ ያደርጉታል። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ዕቃው ያለበትን ሁኔታ በድምፁ ይናገራል። የሎር አሠራርም ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት መሠረት አለው፤ ልዩነቱ የእርሱ ማንኳኳት ደህናውን ከተሰነጠቀው ለመለየት ሳይሆን ድምፁን ወደሚፈለግበት ቦታ ለማድረስ መሆኑ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ድምፅ እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ ያስፈልጋል። አውታር ብቻውን ቢመታ የሚያንቀሳቅሰው አየር ጥቂት ስለሆነ ድምፁ አይሰማም ለማለት ይቻላል። አውታሩ በብርኩማው ላይ ስለሚያርፍ ግን ንዝረቱ በብርኩማው በኩል ወደ መሣሪያው ደረት ይወርዳል። ደረቱ ሲንቀጠቀጥ በውስጡ ያለውን አየርና ከበስተኋላ ያለውን ጀርባ ያንቀጠቅጣል። እንግዲህ ደረቱም፣ ጀርባውም፣ በውስጥ የታፈነውም አየር ለየራሳቸው አንድ አንድ ድምፅ አላቸው፤ እነዚህ ድምፆች እርስ በርሳቸው ከተስማሙ መሣሪያው ይናገራል፤ ካልተስማሙ ግን አንዱ ኖታ ሲጮኽ ሌላው ይሰወራል። ሳንቃው ወፍራም ከሆነ ይጠነክርና ሲንኳኳ የሚሰጠው ድምፅ ከፍ ይላል፤ እየተፋቀ ሲቀጥን ድምፁ ዝቅ ይላል። ከልክ በላይ ወፍራም የሆነ ደረት ንፉግ ድምፅ ይሰጣል፤ ከልክ በላይ የሳሳም ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከቶውንም የአውታሮቹን ጭነት ሊሸከም አይችልም።

ሎር እንዲሠራ የተደረገው ይህን ሁሉ በጆሮ እየመረመሩ ማስተካከል ነበር። ደረቱ ሲንኳኳ የሚሰጠው ድምፅ ይሰማል፤ ከፍ ካለ ይፋቃል፤ እንደገና ይንኳኳል። ከደረቱ ሥር በርዝመቱ የሚጣበቁት ሁለት ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎችም አንዱ በወፍራሙ አውታር በኩል፣ አንዱ በቀጭኑ በኩል ሆነው ለየብቻ ይቃኛሉ። መሣሪያው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ደግሞ በውስጡ ያለው አየር ይቃኛል። የዚህም ዘዴው ቀዳዳውን ጥቂት ማስፋት ነው፤ ቀዳዳው ሲሰፋ የአየሩ ድምፅ ከፍ ይላል። የተፋቀ እንጨት ተመልሶ አይጣበቅምና ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ጊዜ አብዝቶ የፋቀ ሰው የብዙ ቀን ድካሙን ያጣል።

በ1922 ኤፍ 5 የሚባለው ማንዶሊን ወጣ። ደረቱ ከጥድ ወገን ከሆነው ከስፕሩስ፣ ጀርባውና ጎኑ ከሜፕል እንጨት የተሠራ ነበር። ቀድሞ በደረቱ መካከል የነበረው እንቁላል መሳይ ቀዳዳ ቀረና በግራና በቀኝ እንደ ቫዮሊን ያሉ ሁለት የተጠማዘዙ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ተደረጉለት። እንዲህ በመሆኑ የደረቱ መካከል ሳይበሳ ቀረ፤ በነፃነትም ለመንቀጥቀጥ ቻለ። አንገቱ ከአካሉ ወደ ውጭ ረዘም ስላለ ብርኩማው ወደ ደረቱ መካከል መጣ፤ የተጫዋቹም እጅ ወደ ላይኛዎቹ ኖታዎች በቀላሉ ለመድረስ ቻለ። ጣት የሚረግጥበት ሰሌዳ ከደረቱ ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ እንጂ ደረቱን ተጭኖ አላፈነውም። ከዚሁ ጋር ወገን የሆኑ ትልልቅ ማንዶሊኖችና ኤል 5 የተባለው ጊታር ተሠሩ። ይህ ጊታር ኋላ በገጠር ሙዚቃ ስመ ጥር በሆነችው በሜይቤል ካርተር እጅ ታወቀ።

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ሎር እነዚህን መሣሪያዎች ብቻውን በእጁ አልቀረጻቸውም። የቀረጹት፣ ያጣበቁትና ቀለም የቀቡት በካላማዙ የነበሩት ሠራተኞች ናቸው፤ የብዙዎቹም ስም በመሣሪያው ላይ አይገኝም። አንገቱ እንዳይጎብጥ በውስጡ የሚገባውን የሚስተካከል ብረትና ከፍና ዝቅ የሚለውን ብርኩማ ያመጣው ቴዲየስ ማክሂው የተባለ የዚያው ድርጅት ባልደረባ ነበር። የሎር ሥራ ማቀድ፣ መመርመርና መፍረድ ነበር። የተጠናቀቀው መሣሪያ ተሞክሮ ሲያስደስተው ቀኑ ተጽፎ የእርሱ ፊርማ ያለበት ወረቀት በውስጡ ይለጠፍ ነበር። ከ1922 እስከ 1924 መጨረሻ ድረስ በዚህ ዓይነት የተፈረመባቸውና እስካሁን የታወቁት ኤፍ 5 ማንዶሊኖች ከ200 ይበልጣሉ። በአንድ ነገር ላይ ስምን መፈረም ትልቅ ኃላፊነት ነው፤ መሣሪያው መጥፎ ቢሆን ሰው የሚወቅሰው ፈራሚውን ነውና።

ሎር ያደረገው ሁሉ ቀንቶታል ለማለት አንደፍርም። ቪርዚ ከተባሉ ወንድማማቾች ፈጠራ የተገኘ አንድ ቀጭን የእንጨት ሰሌዳ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ከደረቱ ሥር ተንጠልጥሎ ይደረግ ነበር። ዓላማው ድምፁን ለማብዛትና ለማለስለስ ነበር። ነገር ግን ብዙ የኋላ ዘመን ተጫዋቾች ይህ ሰሌዳ የድምፁን ኃይል ይቀንሳል ብለው ከመሣሪያቸው አስወጡት፤ ወድደው የተዉትም አሉ። ይህም ያማረ ድምፅ የምንለው ለሁሉ አንድ አለመሆኑን ያሳያል። አንዱ ለስላሳውን ሲሻ ሌላው ስል የሆነውን ይሻል።

መሣሪያው እንዲህ ተደክሞበት በወጣ ጊዜ ግን ዘመኑ ተለወጠ። የጃዝ ሙዚቃ ተነሣ፤ በየጭፈራው አዳራሽ ድምፁ የሚጮኸው ባንጆ ተፈላጊ ሆነ። የማንዶሊን ማኅበሮች አንድ በአንድ ተበተኑ። ኤፍ 5 ዋጋው ውድ፣ ፈላጊውም ጥቂት ሆነ። ከሁሉ የተሻለው ማንዶሊን የተሠራው ሰው ማንዶሊንን በሚተውበት ሰዓት ነበር ማለት ነው። ሎይድ ሎር በ1924 መጨረሻ ከድርጅቱ ወጣ። በዚያ የሠራው አምስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

ከዚያም በኋላ ምርምሩን አላቆመም። ከ1930 ጀምሮ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ስለ ድምፅ ጠባይ ያስተምር ነበር። በ1933 ከሌሎች ጋር ሆኖ ቪቪቶን የሚባል ድርጅት አቋቋመና በኤሌክትሪክ ድምፃቸው የሚጎላ መሣሪያዎችን ለመሥራት ሞከረ። የኤሌክትሪክ ጊታር ዓለምን የሞላው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ ስለ ሆነ አሳቡ ትክክል እንደ ነበረ ዛሬ ሁሉ ያውቃል። በዚያን ጊዜ ግን ገዢ አልተገኘም፤ ድርጅቱም አልቆመም። ሎይድ ሎር መስከረም 14 ቀን 1943 በ57 ዓመቱ ሞተ። ለሁለተኛ ጊዜ ደክሞ ለሁለተኛ ጊዜ ያልቀናው ሰው ሆኖ አለፈ ቢባል በዚያ ቀን ውሸት አይሆንም ነበር።

ነገር ግን ታሪኩ በሞቱ አልተፈጸመም። በኬንታኪ ክፍለ ግዛት በ1911 የተወለደ ቢል ሞንሮ የተባለ የገበሬ ልጅ ነበር። በ1940ዎቹ ዓመታት በፍሎሪዳ በማያሚ ከተማ ሲያልፍ በአንድ ጠጉር አስተካካይ ቤት ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ ማንዶሊን አየ። በ150 ዶላር ገዛው። በውስጡ ያለው ወረቀት ሐምሌ 9 ቀን 1923 በሎይድ ሎር የተፈረመ ነበር። ሞንሮ ይህን መሣሪያ ይዞ ከቡድኑ ጋር ብሉግራስ የሚባለውን የሙዚቃ ዓይነት አቀና። አንዳንድ ጊዜ ዜማውን በፍጥነት ያወርደዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አውታሮቹን መትቶ ወዲያው በጣቱ እያፈነ መሣሪያውን እንደ ከበሮ ምት መጠበቂያ ያደርገዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቶሎ የሚነሣ፣ ጥርት ያለ፣ ባንጆና ቫዮሊን አብረው ሲጮኹ የማይሰወር ድምፅ ነበር፤ ይህም በሎር ማንዶሊን ውስጥ ተገኘ። ሎር መሣሪያውን ያሰበው በአዳራሽ ጸጥ ብለው ለሚያዳምጡ ሰዎች ነበር። ድምፁን ለዓለም ያስታወቀው ግን እርሱ ያላሰበው ሙዚቃ ነው።

ይኸው ማንዶሊን በ1985 ሌላ መከራ አገኘው። ሰው ወደ ሞንሮ ቤት ገብቶ በምድጃ ብረት ሰባበረው። በጊብሰን ድርጅት የሚሠራ አንድ ባለሙያ ስንጥሩን ሁሉ ለቅሞ፣ ቁራጭን ከቁራጭ እያገናኘ አጣበቀውና በ1986 ለባለቤቱ ተመለሰ። ሽማግሌው ሞንሮም እስከ 1996 እስኪሞት ድረስ ከዚህ መሣሪያ አልተለየም። ዛሬ የሎር ፊርማ ያለባቸው ማንዶሊኖች ከ100,000 ዶላር በላይ ሲሸጡ ታይተዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነውም ይበልጥ ያስተምራል። መሣሪያ ሠሪዎች ያንን ድምፅ ለማግኘት የሎርን ማንዶሊኖች እየከፈቱ የእያንዳንዱን ቦታ ውፍረት ለኩ። በዚያው ልክ ሠርተው ግን ሁልጊዜ ያንኑ ድምፅ አላገኙም። ምክንያቱም ሁለት የስፕሩስ ሳንቃዎች በአንድ ልክ ቢፋቁ አንዱ ጠንካራ፣ ሌላው ለዘብ ያለ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ድምፃቸው ይለያያል። ልኩ የሚጠቅመው ጆሮ አብሮት ሲኖር ነው። ሎር የተወው ትልቁ ነገር ቁጥር ሳይሆን እያንዳንዱን እንጨት ለብቻው የማዳመጥ ልማድ ነው።

የተጫዋቹም ድርሻ ቀላል አይደለም። አንዱ ማንዶሊን ከብርኩማው አጠገብ ሲመታ ስል ድምፅ ይሰጣል፤ ወደ አንገቱ ቀረብ ተደርጎ ሲመታ ይለሰልሳል። ቀጭን መምቻ ያንሾካሽካል፤ ወፍራሙ ድምፁን ይሞላዋል። አውታሩ ሲያረጅ ይደነግዛል። መምቻውን ጨብጦ በኃይል የሚመታ ተማሪ ድምፁ እንደሚያንስ፣ እጁን ያላላው ግን ድምፁ እንደሚሰፋ እኛም በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክፍል በራሳችን እጅ አይተናል። የአገራችን የበገና ደርዳሪዎችም ከአውታሩና ከብርኩማው መካከል የምትገባውን ትንሽ ቆዳ፣ እንዝራውን፣ ጥቂት ገፋ ጥቂት ሳብ እያደረጉ ያ የሚወዱት ንዝረት እስኪመጣ ይታገሣሉ። ካላማዙና የእኛ ደጋ አገር እጅግ ቢራራቁም፣ የሚፈልጉትን ድምፅ አስቀድመው በልባቸው ሰምተው እጃቸውን ወደዚያ የሚመሩ ሰዎች በሁለቱም ቦታ አሉ።

ከዚህ ሰው ሕይወት የተማርነውን በሦስት ነገር እንጠቀልለዋለን። መጀመሪያ፣ መልካም ነገርን መመኘት ብቻውን አይበቃም፤ ምኞትን ወደ ሥራ መለወጥ ያስፈልጋል። ለስላሳ ድምፅ እወዳለሁ ማለትና የትኛው ቦታ እንደሚፋቅ ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሥራ የሚፈተነው በማንኳኳት ነው፤ ራሱን የማይመረምር ተማሪም ስንጥቁን የሚያውቀው ውሃ ሲፈስበት ነው። ሦስተኛ፣ የዘሩትን ሁሉ በዕድሜ ማጨድ አይገኝም።

በዚህ በዓል ቀን ይህን የመጨረሻውን ነገር ስንጽፍ መምህሮቻችንን እናስባለን። በየዓመቱ ልጆችን ተቀብለው ያንኳኳሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ጥቂት ጥቂት እያስተካከሉ ይለቃሉ። ከመካከላችን ማን የት ሄዶ ምን ዜማ እንደሚሰማበት አብዛኛውን ጊዜ አያዩትም። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከዚህ ግቢ ስንወጣ የእነርሱን ፊርማ በውስጣችን ይዘን እንደምንወጣ እናውቃለን፤ ፊርማውን የማያሳፍር ድምፅ ለማሰማትም ቃል እንገባለን።